የወይዘሪት የኋሊት እናት

ልጅቷ ገጹን አጋምሳ ቆመች። እኔ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ባለችው ጠባብ ሱቄ የሰው ስልክ ፈትቼ ሆዱን እየጎረጎርኩ ነበር። ከጎኔ ባለው ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ ያች የተሣለች ልጅ አለች፤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ ገጽ ትገልጣለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከበስተኋላዋ እኔ የመታሁት ክራር ይሰማል። የዚያን ቀን ክራሩ ድንገት ተቋረጠ፤ የልጅቷም እጅ ገጹን እንደያዘ ቀረ። ኔትወርኩን ሰደብኩት። እዚህ አገር ኔትወርክ መስደብ እንደ ሰላምታ ስለሆነ ምንም ሳልጠረጥር ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ከገዳሪፍ ተደወለልኝ። አብላ ዘሃራ ሞታለች። በዚያ ክረምት ከተማውን ሲያምስ የነበረው ትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት፣ ብዙም ሳያቆያት ወሰዳት፤ በዚያው ቀን ቀበሯት። ልጅቷን የሚያጫውተው ኮምፒውተር እሷ ቤት ስለነበር፣ ለለቅሶው ድንኳን አምፖል ለመሰካት አንዱ መጥቶ ሶኬቱን ነቀለው። እንግዲህ መርዶውን ከሰው ሁሉ በፊት የነገረችኝ ልጅቷ ናት፤ እኔ ግን አልገባኝም።

ሰው ሲሞትበት ያለቅሳል፤ እኔ ተናደድኩ። ዘሃራ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ነበራት። ወታደር መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል ሲላት፣ ጎረቤት ደግሞ ሴት ልጅ እንዲህ አፏን አትከፍትም ሲላት፣ እኔ ይሄ ነገር አይሆንም ስላት፣ ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅላ «ዛዲያ?» ትላለች። አማርኛም ስታወራ አረብኛም ስታወራ ያች የጎንደር «ታዲያ» ከአፏ አትጠፋም። ሞት ሲመጣ ግን በትኩሳት አድክሞ፣ ምላሷን አስሮ መጣባት። ያናደደኝ ይሄ ነው።

አብላ በሱዳን ተማሪ ሴት አስተማሪውን የሚጠራበት ስም ነው። ዘሃራ ግን የአስተማሪነት ወረቀት አልነበራትም። ሥራዋ ሂና ነበር። ሱዳኖች ሐናና ይሏታል፤ ሙሽራ ከመዳሯ በፊት እጅና እግሯን በሂና የምታስጌጥ ሴት ማለት ነው። ወላጆቿ ከአርማጭሆ በዚያ በክፉው ዘመን እሷን አዝለው ተሻገሩ። አባቷ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ኖረ፤ ባዶ ጆንያ ላይ በከሰል ሀሁ እየጻፈ አስተማራት። አረብኛውን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከጆንያ ነው ያገኘሁት ትል ነበር። ስታወራው አታፍርበትም፤ እንዲያውም የሚሰማት ሰው ጆንያ ስላልነበረው የሚያሳዝናት ይመስላል።

ሰው ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። እኔ መጀመሪያ የተዋወቅኳት ስልኳን ላሠራ ብላ ገዳሪፍ የነበረው ሱቄ ስትመጣ ነው። ስልኩን ስቀበላት ጣቶቼን አየችና ክራር ትመታለህ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ዛዲያ ለምን ስልክ ትሠራለህ? አለች።  ከጭልጋ ስወጣ ክራሬን ይዤ የወጣሁት ዘፋኝ ልሆን ነበር፤ ገዳሪፍ ስደርስ ዘፋኝ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ የተበላሸ ስልክ ያለው ሰው በዛ።

አንድ ተንኮልም ነበራት። ልታናግረው የምትፈልገውን ሰው መጀመሪያ ሂና ትቀባዋለች። ሂና የተቀባ እጅ እስኪደርቅ ምንም አይዝም፣ በር አይከፍትም፣ ስልክ አያነሣም፤ ባለቤቱም ወዴት ይሄዳል? ተቀምጦ ይሰማታል። ሰፈሩ ውስጥ ባልና ሚስት ስታስታርቅ ሚስቲቱን ሁለት እጇን ለቅልቃ ታስቀምጣትና ባልየውን ታስጠራዋለች።

ከሁሉ የማልረሳው የአንዲት የሀብታም ልጅ ሠርግ ነው። እኔ የሠርጉን ድምጽ ማጉያ ልጠግን ተጠርቼ ግቢው ውስጥ ስለነበርኩ በዓይኔ አይቻለሁ። የሙሽራዪቱ እናት ዘሃራን «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ቶሎ ቶሎ በይ» እያሉ ሲያጣድፏት ቆዩ። ዘሃራ የሙሽራዪቱን ቀኝ እጅ ጨረሰች፤ አበባው ከክንድ እስከ ጣት ጫፍ ወርዶ፣ ሴቶቹ ሁሉ እልል ብለው። ከዚያ እጇን አጥባ ቁጭ አለች። ግራው ባዶ ነው። ምነው ሲሏት ስሜ ዘሃራ ነው አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሴትዮዋ ተቆጡ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ሌላ ሐናና ተፈለገ፣ የትኛዋም የሌላ ሴት ሥራ ልጨርስ ብላ አትመጣም። ሙሽራዪቱ አንድ እጇን አበባ አልብሳ አንዱን ባዶውን ይዛ እናቷን ስታይ፣ መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ጥርሳቸውን ነክሰው «ዘሃራ» አሉ። ተነሣችና ግራውን ሠራች። ከቀኙ ያማረ ነበር።

ማታ ማታ ግቢዋ ትምህርት ቤት ይሆናል። እዚያው ተወልደው አረብኛ ትምህርት ቤት የሚውሉ የሐበሻ ልጆች፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ሊማሩ ይመጣሉ። ችግሩ ከአጥሩ ወዲያ የማሽላ ወፍጮ ነበር፤ ሲጮህ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ልጆቹም ራሳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዘሃራ እኔን ጠራችኝና ወፍጮውን ዝም ማሰኘት አልችልም፣ አንተ ከወፍጮው የሚሻል ነገር አሰማቸው አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄጄ ያለኝን ዜማ ሁሉ አወረድኩት። አስቆመችኝ። ልጆቹ ደብተራቸውን ትተው አንተን እያዩ ነው፣ እንዳያዳምጡህ አድርገህ ምታ አለችኝ። ለክራር መቺ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ግን እየቆየሁ ገባኝ፤ ዝግ ያለ፣ የሚዞር፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ ነገር መምታት ጀመርኩ፤ ልጆቹም አንገታቸውን ደፉ። በሕይወቴ የሠራሁት ጥሩ ሙዚቃ እሱ ነው፤ ማንም አላዳመጠውም።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ። የተማሪዎቹም ቤተሰብ ተበተነ፤ አንዱ ለእርሻ ሥራ ሀዋታ ወረደ፣ አንዱ መተማ ተሻገረ፣ እኔም ራሴ ከጊዜ በኋላ ከሰላ ገባሁ። ልጆቹ ካሉበት እየደወሉ ያለ ክራሩ ማጥናት አልቻልንም አሉ። ዘሃራም በሂና የሠለጠነች ጣቷን ስልኳ ላይ አድርጋ ልጅቷን ሣለቻት። ግድግዳ ጥግ፣ ከውኃው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ ጋን አጠገብ፣ ገመድ አልጋ ላይ ተቀምጣ የምትጽፍ ሹሩባ ያላት ልጅ፤ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጎ አንዱ ባዶውን የሚወዛወዝ። ያችን ልጅ ያየ ሁሉ ኢክራም ናት አለ፤ እንደዚያ አንድ ጫማዋን ጥላ የምታጠና ከተማሪዎቹ መሐል ኢክራም ብቻ ናት። ሥዕሎቹን እኔ አገጣጥሜ አንቀሳቀስኳቸው፣ ክራሬን ከሥሩ አስገባሁበት፣ ኢንተርኔት ላይ ቀንና ሌሊት እንዲሄድ አደረግነው። ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ፣ ሀዋታ ያለውም መተማ ያለውም ከፍቶ ከልጅቷ ጋር ያጠናል። ለጥቂት ወራት የሚያውቀን አልነበረም፤ ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ገና ገዳሪፍ ሳለሁ አንድ ቀን ደንበኛዬ እየሳቀ ስልኩን አሳየኝ። ልጅቷ ናት። ገጽ ስትገልጥ ተቆርጣ ከላይ ተጽፎባታል፤ «ዘንድሮ ኑሯችን ወዴት እየሄደ ነው?»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው አይቷት ነው። ልጅቷ በአማርኛ ፊደል እየጻፈች ገጹን ወደ ኋላ ነው የምትገልጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። ገዳሪፍ ሱቅ የሚሸጠው ደብተር ለአረብኛ የተሠራ ስለሆነ ሽፋኑ በቀኝ በኩል ይከፈታል። ልጆቹ ደብተር መክፈት የሚያውቁት በዚያ በኩል ነው፤ አማርኛውንም እዚያው ጀመሩት። ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ገጹ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ በመገለጥ ፈንታ እሱም ከግራ ወደ ቀኝ ይገለጣል። ዘሃራም ከትንሽነቷ እንዲያ ነው የጻፈችው። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ እኔ ጎንደር ተምሬ የመጣሁት እንኳ ከእነሱ ጋር ብዙ ከመቀመጤ የተነሣ ለምጄዋለሁ።

ኢንተርኔቱ ግን አስተዋለው። ወይዘሪት የኋሊት ብለው ስም አወጡላት። «ቤት ኪራይ ሲጨምር ደመወዜ» የሚል ተለጠፈባት፤ «የሰፈራችን መንገድ ሥራ» የሚል፤ «የኮንዶሚኒየም ዕጣዬ» የሚል። አንዱ ይቺ ልጅ እንዲህ ካጠናች በቅርቡ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች ብሎ ጻፈ። አልዋሽም፣ አንዳንዱ አስቆኛል። በየስልኩ፣ በየቡድኑ ዞረች፤ ገዳሪፍ ገበያም ደረሰች።

ኢክራም ላይ ነው ጉዱ የፈላው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጎንደር ያለ አጎቷ ሊያስተምራት ቃል ገብቶላት ነበር፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት የአማርኛ ፈተና አልፋ ከመጣች እንቀበላታለን ብሏል። ገዳሪፍ ትምህርት ስለሌለ ያላት መንገድ ያ ብቻ ነው። አሁን ግን በየሄደችበት የኋሊት፣ የኋሊት ይሏታል። ለእናቷ እንዲህ አለች፤ ሳልሄድ ከሳቁብኝ ስሄድ ምን ሊያደርጉኝ ነው? አልሄድም። ለዘሃራም ሥዕሉን ካላረሙት ደግሜ ደብተር አልይዝም ብላ ላከችባት።

እኔም ኢክራምን ደገፍኩ። ዘሃራ ዘንድ ሄጄ ገጹን በወዲያ በኩል ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ አስተካክዪውና ልጅቷ ትምህርቷን ትቀጥል አልኳት። ሂና እያቦካች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«የእነዚህ ልጆች ደብተር ሁሉ በዚህ በኩል ነው የተጻፈው» አለች። «ሥዕሉን ባርመው፣ ነገ ለእነሱ ምን ልላቸው ነው? እስከ ዛሬ የተማራችሁት ስሕተት ነው ልበላቸው?»

«ልጅቷ ትምህርቱን ልትተው ነው እኮ አብላ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለችና ሂናውን በፌስታል ቋጥራ ተነሣች።

አብሬያት ሄድኩ። ኢክራም ቤት ስንገባ ልጅቱ ከአልጋው ጥግ ተኮራምታለች። ዘሃራ ስለ ሥዕሉም ስለ ትምህርቱም አላነሣችም። እጅሽን አምጪ አለቻት። ኢክራም ተንኮሉን ታውቀዋለች፤ ግን ሐናናዋ መጥታ እጅሽን ስትል እምቢ የሚል የለም። ቀኟን ሣለች፣ ግራዋን ሣለች፣ ጣቶቿን ጫፍ ጫፋቸውን ድፍን አድርጋ ቀባች። ልጅቷ ሁለት እጇን አየር ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ያኔ ዘሃራ እጇን እየጠረገች ጠየቀቻት።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«መጻፍስ?»

«እችላለሁ አብላ። ግን ይስቁብኛል።»

«ዛዲያ?»

ኢክራም እንባዋ ወረደ። የምትጠርግበት እጅ የላትም፤ እናቷ ተነሥታ በነጠላዋ ጠረገችላት። ለእኔ ያ «ዛዲያ» በዛብኝ፤ ጨካኝ ሆናለች ብዬ አሰብኩ።

የዘሃራ ስልክ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። የደወለው አዲስ አበባ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ የሙዚቃ ገጽ ያለው፣ ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ነው፤ ቀደም ብሎ ጽፎላት ስለነበር ጠብቃው ኖሯል። ሆን ብላ ድምጹን ሁላችን እንድንሰማው ለቀቀችው። ጨዋ ልጅ ነበር። እትዬ እያለ አክብሮ አናገራት፤ ልጅቷ ታዋቂ ሆናለች፣ ገጼ ላይ ልውሰዳት፣ በየወሩም እከፍልዎታለሁ፣ ብቻ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ አለች፣ የደብተሯን አገላለጥ ያርሙልኝ አለ። በዚያ ጦርነት መሐል የወር ገቢ ማለት ምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ሠርግ የሚደግስ ጠፍቶ ሐናናዋ ሥራ ፈትታ ነበር። የኢክራም እናት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

ዘሃራ ስልኩን ወደ ኢክራም አስጠግታ ያዘችው።

«ልጄ» አለችው፣ «የዚያች ልጅ ባለቤት እዚህ ተቀምጣለች። በአረብኛ ደብተር አማርኛ ጽፋ የተማረች ናት። የሚታረም ነገር የላትም። እንዳለች የሚወስዳት ካለ ይውሰዳት፤ አለዚያ ኸላስ፣ አበቃ፣ እዚሁ ትቀመጣለች።»

ልጁም ሰው እኮ ይስቃል እትዬ አላት፣ በክፋት አይደለም፣ ለእሷ አስቦ። ይሳቅ አለችው፤ በሰላም ዋል ብላ ዘጋችው። ደግሞ አልደወለም።

 ኢክራም ሂናው እስኪደርቅ እጆቿን እያየች ተቀመጠች። ሲደርቅ ራሷ ፈቅፍቃ አረገፈችው። ዘሃራም ደህና እደሩ ብላ ወጣች፤ እንድትመጣ አልለመነቻትም።

መንገድ ላይ ባትመጣስ? አልኳት።  ያን ጊዜ ብቻ ነው «ዛዲያ» ማለት ያቃታት። እጆቿን አየሁ፤ ባዶውን የሂና ፌስታል ደረቷ ላይ ጨምቃ ይዛዋለች። ያች ሴት ትፈራ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ፈርታም አላረመችውም።

በማግሥቱ ማታ ኢክራም መጣች። ከዚሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ አንድ ጫማዋን ጣለች፣ ደብተሯን በቀኝ በኩል ከፈተች። ዘሃራ ፊደል እያረመች ስለነበር ቀና ሳትል አሳለፈቻት። ያን ሌሊት ግን ቁጭ ብላ በሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፤ የልጅቷን ጣቶች ጫፍ ጫፋቸውን በሂና ቀባቻቸው። እጇን ካዩት አይቀር በደንብ ይዩት ብላ ነው። ከዚያ ወዲያ ገጹ በተገለጠ ቁጥር የሂናው ጥቁረት ከሩቅ ይታያል።

ሳቁ አልቆመም፤ እስከ ዛሬም ይስቃሉ። ግን ከሥር ሌላ ሰው መጻፍ ጀመረ። ጅዳ ያደገች አንዲት ሴት የእኔም ደብተር እንዲህ ነበር ብላ ፎቶ ላከች። ካይሮ ያለ አባት የልጆቹን ደብተር ላከ። እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ዘሃራ እያንዳንዱን ለልጆቹ ታነብላቸዋለች፤ ስታነብ ድምጿ ከፍ ይላል።

መንገዱ ሲከፈት ኢክራም በመተማ በኩል ተሻግራ ጎንደር ገባች። የፈተናዋን ቀን ነገር ራሷ ነግራኛለች። አስተማሪው ያጠናሽበትን አሳይኝ ብሎ ደብተሯን ተቀበላት፣ በለመደው በኩል ከፈተው፣ ባዶ ገጽ አገኘ፣ ሌላ ገለጠ፣ ያም ባዶ ነው። ይሄ ምንም አልተጻፈበትም አላት። ኢክራም ከእጁ ወሰደችና ገልብጣ ሰጠችው፤ መጀመሪያው በዚህ በኩል ነው አለችው። ተቀበሏት። ከከሰላ ለዘሃራ ደውዬ ስነግራት ሱቁን ዘግተህ ክራርህን አውጣ አለችኝ። አወጣሁ። ያን ቀን እንድትደመጥ ምታ ተባልኩ።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው በክረምት ትኩሳት የወሰደብን። ከለቅሶው በኋላ ኮምፒውተሩን ከቤት ቤት ሲያጓጉዙት ዝናብ ገባበት። እኔ ጋ የቀረው የክራሩ ድምጽ ብቻ ነው፤ ሥዕሎቹ ጠፉ። ለኢክራም ስነግራት እኔ እሥላታለሁ አለች። ሂናም ፊደልም ከአንድ እጅ የተማረች ልጅ ናት። አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ የክፍሏ ልጅ ሥዕሎቹን አገጣጥሞ ላከልኝ። ከፈትኩት። ሹሩባው አለ፣ ዚሩ አለ፣ የተወዛወዘው እግር አለ፣ ሂናው አለ። ልጁ ግን ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ገጹን አርሞታል።

ደሜ ፈላ። ያኔ አርሚው ያልኩ እኔ ነኝ፤ አሁን ስልኩን አንሥቼ ልጮህበት ነበር። ኢክራም ቀደመችኝ። አይቼዋለሁ ጋሼ፣ መልሼ እየሠራሁት ነው አለች።

በማግሥቱ ከመግሪብ በኋላ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ሱቄ ውስጥ ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሀዋታም፣ መተማም፣ ገዳሪፍም እንደተከፈተ አውቃለሁ። ጻፈች። የሂና ጣቷን ዘረጋች፣ ገጹን ያዘች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ገለጠችው። ብዙም ሳይቆይ አንድ አዲስ ሰው ከሥር ጻፈ፤ «ይቺ ልጅ ወደ ኋላ እየገለጠች እኮ ነው!»

ኢክራም ከጎንደር በአንድ ቃል መለሰችለት፤ «ዛዲያ?»